በጥርስ የሚሰማ ሞተር

ጥር 11

ይድረስ ለአባዬ፣

የእጅ ጽሑፍህ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ስለዚህ ጉንፋኑ ለቆሃል ብዬ ደምድሜአለሁ። ባለፈው ጊዜ ፊደሎችህ እንደ ሰካራም ተደጋግፈው ነበር የመጡት። እኔ ደህና ነኝ። ጨጓራዬም እስኪርበኝ ድረስ ዝም ይላል።

«የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» ብለህ ጽፈህልኛል። እሺ፣ ሞኙ እኔ ነኝ፤ ምላሴም ወጥቷል። ግን እስቲ አንዴ ልንገርህ።

ልገዛው ያሰብኩት መኪና ለምን ይሸጣል ብለሃል። ጭነት ጠፍቶ ነዋ! ድሮ ባለ ዕቃው ነበር መኪና የሚለምነው፤ ዛሬ መኪናው ዕቃ ይለምናል። ከመጋዘኖቹ በር እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ተሳቢ በተሳቢ ላይ ተሰልፎ ቆሟል። ሾፌሩ ሁሉ የታጠበ መኪና መልሶ ያጥባል፣ ካርታ ይጫወታል፣ በማይረባ ነገር ይጣላል። የኔም አሠሪ መኪናውን አቁሞ «ጭነት ሲመጣ እጠራሃለሁ» ካለኝ ወዲህ ስልኬን እያየሁ ነው የምውለው። እስካሁን አልጠራኝም።

የዚህ መኪና ባለቤት ሦስት ተሳቢ አለው። ሦስቱም ቆመዋል፤ የባንክ ብድሩ ግን አልቆመም። አንዱን ሸጦ ሁለቱን ማትረፍ ነው የፈለገው። ጭነት በነበረበት ጊዜ በዚህ ዋጋ የፊቱን ራስ ያለ ተሳቢው እንኳ አይሰጥህም ነበር። ነጭ ጋቢና ነው፣ ከመቀመጫው ኋላ ላይና ታች ሁለት አልጋ አለው፣ ዕድሜው ጠና ቢልም ሽማግሌ አይደለም። አንተ ራስህ «መኪና የሚገዛው ሰው ሁሉ ሲሸጥ ነው» ትል አልነበር?

አባዬ፣ እስከዛሬ የሰው መሪ ስይዝ ነው የኖርኩት። ያጠራቀምኩት ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ ግን ለሻይም አይተርፈኝም። ሞተሩ ከከዳኝ እንደገና ከዜሮ የምጀምርበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም። ስለዚህ ያላንተ አልገዛም። በጋራዡ «ጆሮ» ብለው የሰየሙህ እኮ በከንቱ አይደለም፤ ሰው ከሩቅ ከተማ ነድቶ ይመጣ የነበረው አንተ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብለህ «ሦስተኛው ፒስተን» እንድትለው ነበር።

ደግሞ ስልክ ለምን አታነሳም? ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ያቺ ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ብላ ትጀምራለች። እውነቱን ልንገርህ፣ በዚህ ወር ከማንም በላይ ያወራሁት ከሷ ጋር ነው።

የተከራየሁት ክፍል ከጎሚስታው ጀርባ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲነፋ እሰማለሁ። እሱ ሲዘጋ ምንም የለም።

ልጅህ፣
የድሮው ረዳትህ


ጥር 24

ለረዳቴ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ያመጣልኝ ሾፌር ከጋቢናው የፀሐይ መከላከያ ላይ አውጥቶ ሰጠኝና በሩ ላይ ቆሞ የእናትህን ነፍስ ይማር አለ። ስልክ ይሄን ያደርጋል? በስልክ የተባለውን ነፋስ ይወስደዋል፤ ደብዳቤ ሁለቴ ይነበባል። ስለዚህ ስልኩን ተወውና ጻፍልኝ።

መግዛት ከቆረጥክ ቁረጥ። እኔ ብልህ ያለቅሳል አልኩ እንጂ ብልህ አይገዛም አላልኩም። ሻጩ ቀጠሮ ከሰጠህ ከቀጠሮው ቀድመህ ድረስ። መጀመሪያ ሰላምታ ሳይሆን እጅህን ሞተሩ ላይ አሳርፍ። ከሞቀ፣ አመስግነህ ተመለስ። ቀዝቃዛ ሞተር እውነቱን ይናገራል፤ የሞቀ ሞተር ግን ጠግቦ እንደበላ ሽማግሌ ሁሉን እሺ ይላል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመን፣ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ እይ። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የተበላ ፔዳል አይመለስም። ራዲያተሩን ከፍተህ አሽትት፤ ውሃው ዘይት ዘይት ካለህ አፍንጫህን ይዘህ ውጣ።

ባለቤቱን ብዙ አትጠይቅ። ባለቤት መኪናውን የሚያውቀው በወረቀት ነው። እዚያ ጋቢና ውስጥ የሚተኛውን ሰው ጠይቅ፣ እሱ በጎኑ ያውቀዋል።

እዚህ ሁሉ ደህና ነው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን የካፖርቴን ክንድ ጠግናልኛለች፤ ገንዘብ አልቀበልም ብላ ተጣላን። ቤቱ በጣም ጸጥ ብሏል። እናትህ ቢያንስ ትነጫነጭ ነበር።

አባትህ


የካቲት 6

አባዬ፣

አሞቁት! ልክ እንዳልከው። ቀጠሮው ከምሳ በኋላ ነበር፣ እኔ ከምሳ በፊት ደረስኩ። እጄን ሳሳርፍ በርግጌ ነው የመለስኩት። የሻጩ ደላላ «ፀሐዩ ነው» አለኝ። «ፀሐይ በናንተ ሰፈር ከኮፈን ሥር ነው እንዴ የምትወጣው?» አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ስቄ ሄድኩ።

ከዚያ በእሁድ፣ ለማንም ሳልናገር፣ በጠዋት ሄድኩ። ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ተኝቶ ነበር። ወፍራም መነጽር ያለው ሰው ነው፣ እኔ በልቤ መነጽራሙ ብዬዋለሁ። ደመወዙ ከቆመ ጀምሮ የተከራየውን ቤት ለቆ የሚያድረው እዚያው ነው። የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ወረደ። ለምን እንደመጣሁ ሲያውቅ አልተቆጣም፤ ብሩሹን አጠበ፣ ሸሚዙን ቆለፈና መኪናውን እንደ ልጁ አሳየኝ። «ዘይቱን ሳልቀይርለት ምሳዬን በልቼ አላውቅም» አለኝ። ፔዳሉን አየሁ፣ ውሃውን አሸተትኩ፤ ሁሉም ደህና ነው።

ግን አንድ ነገር አለ። በቅዝቃዜው ሲነሳ አንዲት ነገር ትመታለች። ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ። ሲሞቅ ትጠፋለች። መነጽራሙን ጠየቅኩት፤ መሬት መሬት አየ። «ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው፤ ባለቤቱ አታስከፍት አለኝ» አለ።

ከላይ የቫልቭ ነገር ከሆነች የግማሽ ቀን ሥራ ናት። ከታች ከሞተሩ ሆድ ከሆነች ግን ያለኝ ሁሉ እዚያ ሆድ ውስጥ ይገባል። ጆሮዬን ደግኜ አዳመጥኩ፣ አልለየሁትም። ስለዚህ በስልኬ ቀድቼ ለልብስ ሰፊዋ ስልክ ልኬዋለሁ፣ ይዛልህ ትመጣለች። ጆሮህ ላይ አድርግና አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ፤ «ግዛ» ወይም «ተው»።

ልጅህ


የካቲት 19

ልጄ፣

ልብስ ሰፊዋ መጥታ ነበር። ሰላም ብላሃለች። ሻይ አፈላሁላት፤ ስኳር አብዝቼባት ፊቷን አኮሳተረች።

የመነጽራሙን ነገር ወድጄዋለሁ። መኪና ብትገዛም ባትገዛም ከዚያ ሰውዬ ጋር በክብር ተለያይ። እኔ ገና ሾፌር ሳለሁ፣ ወገቤ ታሞ ጋራዥ ሳልገባ በፊት፣ የምነዳው መኪና ሲሸጥ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ብርድ ልብሴን በክንዴ ይዤ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ።

ስለ ጎማዎቹ ምንም አልጻፍክልኝም። የፊት ጎማ ከውስጥ በኩል ከተበላ አንድ ነገር ነው፣ ከውጭ ከተበላ ሌላ ነው፣ መሃሉ ብቻ ከተበላ ደግሞ ነፋስ የሚያበዛ ሰው ነው የነዳው። በእጅህ ዳሰው፤ ወደ ፊት ስትዳስሰው ለስልሶ ወደ ኋላ ስትመልሰው ከሻከረ መሪው ልክ አይደለም። የባሌስትራውን ንብርብር ብረቶች አንድ በአንድ እይ፣ ዝገት የሌለበት አዲስ ስንጥቅ ካለ በቅርቡ ከመጠን በላይ ጭኗል። ሻንሲው ላይ አዲስ ቀለም ካየህ ከሥሩ ብየዳ ፈልግ። ተሳቢው የመኪናው ራስ ላይ የሚቀመጥበትን ሳህን ግሪሱን ጠርገህ ተመልከት፤ የሰው ስንፍና የሚታየው እዚያ ነው። ከዚያ ተሳቢውን ፈትተህ ራሱን ብቻ ንዳው፣ መሪውን ቀለል አድርገህ ያዝና ወዴት እንደሚሄድ እየው።

ምን ያጣድፍሃል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አባትህ


የካቲት 27

አባዬ፣

ስለ ጎማ ሁለት ገጽ ጽፈህልኛል፣ አመሰግናለሁ። ስለዚያች ጢቅታ አንድ ፊደል የለም።

ልብስ ሰፊዋ ጋ ደወልኩ። «ጆሮው ላይ አድርጎ ሰምቷል፣ ራሱን ነቀነቀ» አለችኝ። «ወደ ላይና ወደ ታች ነው ወደ ጎን?» አልኳት። «እንዲሁ ነቀነቀ» አለችኝ። በዚህ ምን ልግዛ?

ተቆጥተኸኝ ከሆነ ንገረኝ። መግዛቴን ካልወደድክ «አልወደድኩም» በለኝ፣ እተወዋለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትላለህ፤ እኔ ግን ዝንብ አይደለሁም፣ ልጅህ ነኝ። ትናንት ሌላ ገዢ መጥቶ መኪናውን ሲዞረው አይቻለሁ። ጎማውን በእግሩ መታ፣ ምንም የማያውቅ ሰው ነው። እሱ ያለማወቁ ይረዳዋል፣ ገንዘቡን ይከፍላል። እኔ ትንሽ ማወቄ አሰረኝ።

ይሄን ነገር ብቻዬን ልወስነው አልችልም። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ ይሄንንም አሁን ስጽፈው ነው ያወቅሁት።

ልጅህ


መጋቢት 5

ልጄ፣

አልተቆጣሁም። በአንተ ተቆጥቼ አላውቅም፣ የጎረቤት መስኮት የሰበርክ ጊዜ ካልሆነ።

በስልክ የተቀዳ ሞተር አይታመንም። ይሄን ደብዳቤ በሚያመጣልህ ሾፌር እጅ፣ በጨርቅ የተጠቀለለችውን ረጅሟን ካቻቢቴ ልኬልሃለሁ፤ እንጨት እጀታ ያላትን፣ የኔዋን። ሞተሩ በጣም ቀዝቅዞ ሳለ አስነሳው። ጫፏን ከላይ የቫልቩ ክዳን ላይ አሳርፍና እጀታዋን በጥርስህ ንከስ። ጥብቅ አድርገህ። ዓይንህን ጨፍን። ጆሮህን እርሳው፣ ከፈለግህ በጣትህ ድፈነው። ከዚያ ጫፏን ቀስ አድርገህ ወደ ታች፣ ወደ ዘይት ቋቱ ጎን አውርዳት። አትቸኩል፤ እያንዳንዱን ቦታ ጥርስህ እስኪለምደው ጠብቅ።

ከላይ ሆና የፊት ጥርስህን ብቻ ከመታችህ ቫልቭ ናት፤ ግዛ። ከታች ሆና መንጋጋህን ይዛ እስከ ጆሮ ግንድህ ድረስ ከወጣች ግን ካቻቢቴዬን ይዘህ ሩጥ።

መሪውን የምትይዘው አንተ ነህ። የሌላ ሰው ጆሮ ዳገት ላይ አብሮህ አይወጣም። በራስህ ተማመን።

አባትህ


መጋቢት 16

አባዬ፣

ገዛሁት።

የፊት ጥርሴን ነው የመታችኝ። ካቻቢቴውን ነክሼ ሞተሩ ላይ ተደፍቼ ሳለ የቆሙት ሾፌሮች ሁሉ ተሰበሰቡ። «ረሃብ ጸናበት፣ ሞተር ሊበላ ነው» አሉ። ይሳቁ። ከላይ ስሆን ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጥፍር በሚያህል ቦታ ላይ። ከታች ስወርድ ሰፊ፣ ለስላሳ ነገር ብቻ፤ ሆዱ ጤነኛ ነው። ከገዛሁ በኋላ በመካኒክ አስከፈትኩት፤ አንዷ ቫልቭ ላልታ ነበር። አጠበቃት፣ ጠፋች። ጥርሴ አልዋሸኝም።

መነጽራሙ ብርድ ልብሱንና ትራሱን አወረደ። ጋቢናው ውስጥ የለጠፈውን የልጁን ፎቶ ቀስ አድርጎ ላጠ። ቁልፉን ከሰጠኝ በኋላ «የፊት መስታወቱን አንዴ ላጥበው?» አለኝ። አጠበው፣ በራሱ ሸሚዝ አደረቀው። የት ትሄዳለህ ስለው እህቴ ጋ አለኝ፣ ግን መንገዱን የመረጠው እንዲሁ ነው የመሰለኝ። እንዳልከው በክብር ተለያየን። ተቃቀፍን። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሌባ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ብቻዬን መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። ስንት ዘመን የተመኘሁት ነገር ነው። የሚደሰትልኝ ሰው ፈለግሁ፤ አንተ ጋ ደወልኩ። ያቺ ሴትዮ አነሳችው። ለሷ ነገርኳት።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የካቻቢቴዋ እጀታ ላይ የጥርስ ምልክት አለ፣ ጥልቅና ብዙ። የማን ነው? እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ረዳትህ ነኝ እያልኩ ጋራዥ ስከተልህ እጀታዋን ጆሮህ ላይ ነበር የምታደርጋት። በጥርስ ስታደርግ አይቼህ አላውቅም።

ልጅህ፣ ባለ መኪናው


ሚያዝያ 2

ለባለ መኪናው፣

እንኳን ደስ ያለህ! ደብዳቤህን ለልብስ ሰፊዋ አነበብኩላት፣ ለዳቦ ሻጩም አነበብኩለት። ዳቦ ሻጩ «ጮክ ብለህ ነው የምታነበው፣ ሰፈሩ ሁሉ ገዛ» አለኝ። እናትህ ብትኖር የባለ መኪና እናት ነኝ እያለች ታስቸግረኝ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር መቻል ነው። ባዶ መቆም ኪሳራ ነው፤ በኪሳራ ጭኖ መሄድ ግን ሁለት ኪሳራ ነው፣ ጎማህም ገንዘብህም ያልቃል። ሌላው በርካሽ ጫነ ብለህ አትከተል። ካልደፈረሰ አይጠራም። ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ቀን አታቁመው፤ ባትሪህንም፣ ልብህንም ያደክማል። የክፍሉን ኪራይ ተውና ጋቢናው ውስጥ ተኛ፣ ግን በቀን አንዴ ወርደህ ሰው ጋ ቁም።

የጥርሱን ነገር ጠይቀኸኛል። አሮጌ ዕቃ ነው፣ ስንት ሰው ነክሶታል።

አባትህ


ግንቦት 20

አባዬ፣

ቆይቼ ነው የጻፍኩልህ፣ ይቅርታ። የምነግርህ ነገር አልነበረኝም። ሙሉ ሚያዝያን ቆምኩ። ቀን ቀን ከሰው ጋር እቆማለሁ፣ እንዳልከኝ። ግን ሁሉም የሚያወራው ማን መኪናውን እንደሸጠ ነው፤ እኔ ስደርስ ወሬ ይለውጣሉ፣ የገዛሁ እኔ ብቻ ነኛ። መኪናው ውስጥ ስተኛ ሁለቱም አልጋ ሰፋብኝ። ላይኛው ላይ ጃኬቴን አስተኛሁት፣ ባዶ እንዳይመስል።

አሁን ግን ጭነት አገኘሁ! ሲሚንቶ ነው፣ ዋጋውም አያሳፍርም። መንገዱ ደግሞ በአንተ ከተማ ያልፋል። ሰኔ 4 እደርሳለሁ።

ትዝ ይልሃል? ከመንገድ ስትመለስ ኩርባው ላይ ሁለቴ ክላክስ ትነፋ ነበር። እማዬ ውሃ ትጥዳለች፣ እኔ በሩን ልከፍት እሮጣለሁ። እኔም ኩርባው ላይ ሁለቴ እነፋለሁ። አሁን በሩን የምትከፍተው አንተ ነህ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ አሰማሃለሁ፤ በራስህ ጆሮ ስማና የገዛሁትን ነገር ፍረድልኝ።

ልጅህ


ግንቦት 28

ልጄ፣

ና። ክላክሱን ግን ተወው፣ ጎረቤት ይረበሻል። ቀኑን አውቄዋለሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ወጥቼ እጠብቅሃለሁ።

አባትህ


ሰኔ 3፣ ከነዳጅ ማደያው

አባዬ፣

ይሄን የምጽፍልህ ከከተማችሁ መውጫ ካለው ማደያ ነው። በእግር የሚኬድ መንገድ ነው በመሃላችን ያለው። ልብስ ሰፊዋ ትሰጥሃለች።

አንድ ቀን ቀድሜ ደረስኩ። ተሳቢውን እዚህ ፈታሁና፣ መንገዳችሁ ጠባብ ስለሆነ ራሱን ብቻ ይዤ መጣሁ። አትንፋ ብለኸኝ ነበር፣ ነፋሁ። ኩርባው ላይ ሁለቴ። በሩ ላይ ደግሜ ረጅም ነፋሁ። ውሻ ጮኸ፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ወጡ። አንተ አልወጣህም። ሞተሩን እንዲሰማህ ሳላጠፋው ገባሁ።

ጀርባህን ለበሩ ሰጥተህ በርጩማው ላይ ተቀምጠህ ነበር፤ ከፊትህ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ውሃ። ጮክ ብለህ ታወራ ነበር፣ እንግዳ ያለህ መሰለኝ። ማንም አልነበረም። «ኧረ ይሄማ እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው! ድምፁ እንዴት ያምራል!» አልክ። ከዚያ ጉሮሮህን ጠረግህና፣ ቀስ አድርገህ፣ እንደገና፤ «ጥሩ ሞተር ነው የገዛኸው ልጄ። ድምፁ ያምራል።»

መኪናው ከኋላህ በሩ ላይ ቆሞ ያጉረመርም ነበር። እኔ ደግሞ እጄን ትከሻህ ላይ ላሳርፍ አንስቼ ነበር። አላሳረፍኩም። ነገ ለምትለው ነገር ዛሬ ስትለማመድ እንዳየሁህ እንድታውቅ አልፈለግሁም። ወጣሁ። ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ በኩል አይታኝ ነበር፤ «አይሰማም እኮ። ከቆየበት ነው መሰለኝ። እኔ የነገርኩህ እንዳይመስለው» አለችኝና አለቀሰች።

መንገዱን ሁሉ እያሰብኩ ተመለስኩ። ስልኩን፣ የጎማውን ሁለት ገጽ፣ የጥርሱን ምልክት። እኔ ደግሞ ወራት ሙሉ ስማልኝ፣ ስማልኝ እያልኩ ስጽፍልህ ነበር። ይቅር በለኝ።

ነገ ቀጠሮአችን ነው። አንተ ከፈለግህ ምንም እንደማያውቅ ሰው እመጣለሁ፣ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ አንተ ድምፁ ያምራል ትለኛለህ፣ እኔም አመሰግንሃለሁ። እችለዋለሁ። ካልፈለግህ ደግሞ፣ ጋቢናው ውስጥ ሁለት አልጋ አለ፤ አንዱ ላይ የሚተኛው ጃኬቴ ነው። የመረጥከውን ጻፍልኝ። እዚህ ነኝ።

ልጅህ


ሰኔ 3

አንተ የማትረባ!

በሬ ድረስ መጥተህ ጀርባዬን አይተህ ትመለሳለህ? እናትህ ይሄን ብታይ ሁለታችንንም በመጥረጊያ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ደብዳቤህን ሰጥታኝ ቆማ ታየኛለች፣ መልሱን ሳትሰጠኝ አልሄድም ብላለች፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የሄደብኝ የወፍ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የሻይ ማንቆርቆሪያው ፉጨት። እናትህ ታማ ሳለች ድምጿ ቀጥኖብኝ ነበር፤ የታመመችው እሷ ስለሆነች የደከመው የሷ ድምፅ መሰለኝ። ከሞተች በኋላ የሁሉም ሰው ድምፅ እንደሷ ቀጠነ። ያኔ ገባኝ። ጋራዥ ውስጥ በመጨረሻው ጊዜ በጥርሴ ነበር የምሠራው። ምልክቱ የኔ ነው። ማንም አላወቀብኝም፤ «ጆሮ» እያሉ የሚጠሩትን ሰው ጆሮህ የት ሄደ ብሎ ማን ይጠይቃል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የኔ ግን ከባዳም ባሰ፣ ሳይሰናበተኝ ነው የሄደው። ስልኳን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሰማሁ መስዬ ራሴን ስነቀንቅ ልብስ ሰፊዋ ነቃችብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ከንፈሯን አይቼ እንድረዳት፣ ዞራ መጥታ ከፊት ለፊቴ ነው ሰላም የምትለኝ።

ለምን እንዳልነገርኩህ ትጠይቀኛለህ። ሁልጊዜ የምትፈልገኝ ለሞተር ነው። ሞተር መስማት ካልቻልኩ ምን ብለህ ትጽፍልኛለህ ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው፣ ፈራሁ።

ያንን መኪና ደግሞ እኔ አልፈረድኩልህም። በራስህ ጥርስ ነው የገዛኸው። ይሄን እወቅልኝ።

አሁን ስማ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳለ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከባድ መኪና መሆኑን አውቄአለሁ፤ አንተ ነገ ስለሆንክ ያንተ አልመሰለኝም። ግን ልማድ አይለቅም፣ ውሃውን ዝም ብዬ አየሁት። ሞገዱ እኩል አይመጣም። አምስቱ ይመጣሉ፣ ስድስተኛው ይሳሳል። አምስቱ ይመጣሉ፣ ስድስተኛው ይሳሳል። «ይሄ ምስኪን ሾፌር፣ አንዱ ፒስተኑ ናፍጣ በደንብ አያገኝም፣ የሚነግረውም ሰው የለም» ብዬ አዘንኩለት። ለካ አንተ ነህ።

ስለዚህ ከሁለቱ ምርጫህ አንዱንም አልፈልግም። ነገ ካቻቢቴዬን ይዘህ ና፣ ያንን ስድስተኛ አብረን እንፈልገዋለን። ከዚያ ጃኬትህን ከአልጋው ላይ አንሳ። ላይኛው ላይ የምትወጣው አንተ ነህ፣ ታችኛው የኔ ነው፤ ጉልበቴ መሰላል አይወድም። ዳገት ላይ ሞተሩን በመቀመጫዬ እሰማዋለሁ፤ አንተ መንገዱን እይ።

ክላክሱን ንፋ። ኩርባው ላይ፣ ሁለቴ። እኔ ባልሰማውም ሰፈሩ ይስማው፣ ልጁ መጣ ይበል።

በርጩማዬን ወደ በሩ አዙሬዋለሁ።

አባትህ፣
የቀድሞው ጆሮ